የጋይሮዋ ላብ እስኪደርቅ

በዚያ በጋ የፒክአፓችን የፊት ወንበር የሰው አልነበረም። ከሹፌሩ ጎን፣ ቀበቶ ታስሮላት፣ በነጭ ፎጣ ተጠቅልላ የምትቀመጠው ጋይሮዋ ነበረች። ጋይሮዋ ስትቆም ደረቴ ድረስ የምትደርስ፣ ውፍረቷ ክንዴን የሚያህል የብረት ቱቦ ናት። እኔ ከኋላ ከሦስት ቆፋሪዎች ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጣብቄ እሄዳለሁ። የመኪናው ማቀዝቀዣ ወደ እሷ ብቻ እንዲነፍስ ሌሎቹን ቀዳዳዎች በፕላስተር የዘጋሁት ራሴ ነኝ። ሹፌሩ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ምላሱ ከመኪናው ይፈጥናል። በመጀመሪያው ቀን ስም አወጣላት፤ «ሙሽሪት»። ለእኔም አልሰሰተም፤ «ሚዜ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ካምፑ ውስጥ በስሜ የጠራኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ሥራችን ከአሶሳ ወደ ምዕራብ ባለው ቆላ ወርቅ መፈለግ ነበር። የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው። የእኔ ሥራ የተቆፈረው ጉድጓድ መሬት ውስጥ ወዴት እንደሄደ መናገር ነው። ቀጥ ያለ ጉድጓድ ቆፈርኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። መቆፈሪያው ብረት ጠንካራ ድንጋይ ሲገጥመው ያፈነግጣል፤ ከላይ ሆኖ የሚያየው የለም። ኮምፓስ እንዳይገባ ደግሞ በብረት መሃል ያብዳል። ስለዚህ ጋይሮዋ በገመድ ታስራ ትወርዳለች፣ በየደረጃው ቆማ «እዚህ ጋ ጉድጓዱ ወደዚህ ዞሯል» ትላለች። እኔ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። ቀጣዩ ጉድጓድ የሚተከለው ያለፈው ጫፍ የት እንደደረሰ ታይቶ ነው።

ሆዷ ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የመስታወት ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ክሩ ለአሶሳ ኢንተርኔት የሚያመጣው ፋይበር የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን ለቆፋሪዎቹ መናገሬ ትልቅ ስህተት ነበር፤ በየምሳ ሰዓቱ ስልካቸውን ወደ ቱቦዋ እያስጠጉ «ሚዜ፣ ሙሽሪት ዋይፋይ ዘግታብናለች» ይሉኛል። ብርሃን በክሩ በሁለቱም ጫፍ ይገባል። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ዞሮ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። ጥቅልሉ ከዞረ አንደኛው በጥቂቱ ይዘገያል፤ ጋይሮዋ ከዚያች መዘግየት ምድር ራሷ ስትዞር ታውቃለች፤ የምድርን መዞር ካወቀች ሰሜንን ታውቃለች። ስልጠናው ላይ ይህን ስሰማ እጄን በአፌ ጫንኩ። እኔ ፓዌ ነው ያደግኩት፤ እኛ ቤት ምድር ዞረች የሚባለው ወባ የያዘው ሰው ሲኖር ብቻ ነበር።

አሠልጣኙ ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ ብዙ ተናግሯል። ክሩ የሙቀት ለውጥ ሲነካው ያሳስታል፣ ውስጧ ቴርሞሜትር አለ፣ እሱን እዩ፣ ከወረደች በኋላ እስክትረጋጋ ጠብቁ፤ ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው ግን አንድ ነገር ነው። ፓዌ ላደገ ሰው በዓለም ላይ ያለው ጠላት ሙቀት ብቻ ነው፤ እኔም «ይህቺን ልጅ ሙቀት እንዳያገኛት» ብዬ ለራሴ ማልኩ። ስልጠናው ደጋ ላይ ስለነበር ከቀዝቃዛ ክፍል አውጥተን ቀዝቃዛ ጉድጓድ ውስጥ ስንከታት አሥር ደቂቃ በቅቷት ነበር። አሥር ደቂቃን እንደ አሥርቱ ትእዛዛት ይዤው መጣሁ።

ካምፑ ውስጥ ማቀዝቀዣ ያለው አንድ ኮንቴይነር ብቻ ነበር። «ለጋይሮዋ» ተብሎ ተሰጠ። እሷን ብቻዋን ማሳደር አይቻልም ብዬ እኔም በእሷ ስም ገባሁ። ሌሎቹ በር ከፍተው በላብ ሲጠበሱ እኔ ብርድ ልብስ ለብሼ አድር ነበር። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው እንጂ ለማስቀናት አይደለም።

ከካምፑ ወደ ቁፋሮው በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። ከስሩ ሁለት ዚር ተቀምጠዋል፤ ዚር ማለት ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ዛፉም ጋኖቹም የአንድ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ዚሮቹን ያስቀመጡት የሽማግሌው ሚስት ናቸው፤ ለመንገደኛ ሁሉ፣ ለሰደቃ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሽማግሌው በየማለዳው ከጉድጓድ ውሃ እየቀዱ ይሞሏቸዋል። ገበያ የሚሄድ፣ ከሸርቆሌ የሚመጣ፣ የእኛም ሰው፣ ሁሉም እዚያ ይጠጣል።

ይጠጣል ስል፣ እሳቸው ሲፈቅዱ ማለቴ ነው። ጣሳው በእጃቸው ነው። ከፀሐይ የመጣ ሰው ላቡ ሳይደርቅ ጠብታ አይሰጡም። አማርኛቸው በኋላ የተማሩት ነው፤ ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነው የሚሉት።

«አባባ፣ ውሃ ይስጡኝ፣ ቸኩያለሁ።»

«ተቀመጥ።»

«ሥራ አለብኝ እኮ!»

«ላብ ቸኩሎ አይሄድም። ተቀመጥ፣ ያ ቢቲ።»

ያ ቢቲ ማለት ልጄ ሆይ ማለት ነው። እንደ ወንድ ታዝዤ፣ እንደ ልጅ ተቆላምጬ እቀመጣለሁ። እናቴ ከወሎ መጥታ ፓዌ የሰፈረች ሴት ናት፤ የተጠማ ሰው በሯ ከደረሰ ሳይቀመጥ ነው የምታጠጣው። ስለዚህ የሽማግሌው ነገር ያበግነኝ ነበር። አንድ ቀን ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኳቸው፤ የሞቀ ነገር ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት፣ ይሄ ሳይንስ ነው አልኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ «አሁን ደረቀ» ብለው ጣሳውን ሰጡኝ። ለካ እንድከራከር የተዉኝ ላቤ እስኪደርቅ ነው።

እንግዲህ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ጉድጓድ አልቆ ጋይሮዋን አወረድኳት። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ለካሁ፣ ፈረምኩ። በማግስቱ ኃላፊያችን ካርታው ላይ አሰፈሩት። ኃላፊያችን ከወለጋ የመጡ ጂኦሎጂስት ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ እርሳሳቸው ሁልጊዜ የሾለ። ጉድጓዱ ባልታሰበ አቅጣጫ ታጥፏል፤ ስለዚህ ቀጣዩ መቆፈሪያ የሚቆምበት ቦታ ተገፍቶ ተገፍቶ አንድ ነጥብ ላይ አረፈ። ነጥቡ ማንጎው ነበር።

«ሰኞ ዶዘሩ ይመጣል» አሉ ኃላፊያችን። «ምልክት አድርጊበት።»

ቀዩን ቀለም ይዤ ሄድኩ። በግንዱ ላይ ትልቅ መስቀለኛ ምልክት ስቀባ ሽማግሌው ዚሩን እያጠቡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰኞ፣ ዶዘር፣ ካሳ እንዳለ።

«ለዛፍ ካሳ አለ፣ አውቃለሁ» አሉ። «ለጥላ ማን ይሰጣል?»

የቀለሙን ቆርቆሮ ከደንኩ። ደግሞ ጠየቁ። «ማሽን አይሳሳትም?»

«እሷ? አባባ፣ እሷ ምድር ስትዞር የምታውቅ ናት!»

«እሺ። የያዘው ሰውስ?»

ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩ። እሳቸው ግን ለመልሴ አልጠበቁም፤ ባልዲያቸውን አንስተው ውሃ ሊቀዱ ሄዱ። በአራተኛው ቀን የሚወድቅ ዛፍ ስር ያለን ጋን እስከ አፉ ሞሉት። ጮኸው ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ያቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ ባልልም ምሳዬን አበላሽታብኛለች። አርብ ጠዋት ደግሜ ልለካና ወረቀቱን ወስጄ ላሳያቸው ቆረጥኩ። አጋጣሚ ሆኖ የዚያን ሌሊት ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ ማቀዝቀዣ አልነበረም፤ ጋይሮዋም እኔም እንደ ሰው ሁሉ ሞቆን ነበር ያደርነው። በመንገድም ሹፌሩ መስኮት ከፍቶ ነዳ። አወረድኳት፣ አሥር ደቂቃ፣ ለካሁ።

ጉድጓዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የታጠፈው አለችኝ።

ክው አልኩ። ከዚያ ግን እንደኔ ያለ ብልህ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ጥፋቱን በሙቀቱ ላይ ደፈደፍኩት። ሌሊቱን ስላልቀዘቀዘች ነው አልኩ፣ ታማለች አልኩ። ጄኔሬተሩ ሲጠገን ኮንቴይነሩ ውስጥ አስገብቼ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ከሰዓት በኋላ ስንወጣ የመኪናውንም እንዲሁ። ሹፌሩ በአሶሳ ቆላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጃኬት ደርቦ ጥርሱን እያንገጫገጨ ነዳ። አወረድኳት፣ አሥር ደቂቃ፣ ለካሁ። ከረቡዕም ከጠዋቱም የተለየ ሦስተኛ መልስ ሰጠችኝ።

«አቦ ሚዜ» አለ ሹፌሩ እጁን እያፍተለተለ፣ «ሦስት ሰሜን ካላት አንዱን ለእኛ ትስጠን። እኛ አንድም የለን።»

ቆፋሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ የመኪናውን ጎማ በእርግጫ አልኩት። ጎማው ምንም አልሆነም፤ የእግሬ አውራ ጣት ግን እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ይነግረኛል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እያነከስኩ፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ፣ ማንጎው ስር ደረስኩ። ቀዩ ምልክት ፊት ለፊቴ ነው። ሽማግሌው ጣሳውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ውሃ።»

«ተቀመጥ።»

«አባባ፣ ዛሬ አይሆንም፣ ሆዴ ውስጥ እሳት ነው ያለው!»

«እሳት ካለ ለዚያ ነው አልሰጥም የምለው።» ከጎናቸው ያለውን ምንጣፍ መታ መታ አደረጉ። ተቀመጥኩ፤ ከመጨቃጨቅ ይቀለኛል። በእርጋታ፣ ለአንድ የማይገባው ሰው እንደሚነገር፣ ነገሩኝ። «ሙቀት ሰው አይገድልም። እኛ እዚህ ተወልደናል፣ ሞተናል? ብርድ ሰው አይገድልም። የደጋ ሰው ሞቷል? ድንገት ነው መጥፎ። ውጪው ቀዝቅዟል፣ ውስጡ ገና ሙቅ ነው። ሰውዬው ይዞርበታል። ቤቱ በየት እንደሆነ አያውቅም።»

ቤቱ በየት እንደሆነ አያውቅም። ሰሜኑ በየት እንደሆነ አያውቅም። ውሃ ጥሜን ረሳሁት።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚያስቀምጡት?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ደቂቃ ምን ያውቃል? ወፍራም ሰው አለ፣ ቀጭን ሰው አለ። ከቅርብ የመጣ አለ፣ ከኩርሙክ በእግር የመጣ አለ። እኔ ላቡን ነው የማየው።» ጣታቸውን ወደ ግንባሬ ቀሰሩ። «ያንተ ገና ነው።»

ደብተሬ ውስጥ ተጽፎ የነበረውን ሁሉ በሁለት ትንፋሽ ነገሩኝ። ጋይሮዋ የተማረረችው በሙቀት አልነበረም። እኔ ነኝ ከበረዶ አውጥቼ ሙቅ ጉድጓድ ውስጥ የምዘፍቃትና ላቧ ሳይደርቅ የምጠይቃት። ደግ መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ሌሊት ጄኔሬተሩ ባይበላሽ አንድ ቀንም ጤነኛ መልስ አላገኝም ነበር፤ እሱንም በሽታ ነው ብዬ ጣልኩት።

በጣቴ አቧራው ላይ ክብ ሠራሁላቸው። «ይኸውልዎ አባባ፣ ይሄ ኮረብታውን የሚዞር መንገድ ነው እንበል። ሁለት ሰዎች ከአንድ ቤት ተነስተው አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይዞራሉ፤ እኩል ነው የሚራመዱት። በመሃል ዝናብ ጣለ፤ የጣለው ግን እዚህ፣ ከቤቱ በስተቀኝ ብቻ ነው። በቀኝ የወጣው ገና መንገዱ ደረቅ ሳለ አልፎታል። በግራ የዞረው ግን ሊደርስ ሲል ጭቃው ያገኘዋል፤ ይዘገያል። ማሽኗ ሰውዬው ሲዘገይ ታያለች፤ ጭቃውን ግን አታይም። 'ኮረብታው ዞሯል' ትላለች።»

ክቡን ረዥም ጊዜ አዩት። «ዝናቡ በወዲያኛው፣ መንገዱ እኩሌታ ላይ ቢጥል?»

«ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይደርሱበታል። ችግር የለም።»

«ዝናቡ ቆሞ መንገዱ በሙሉ ጭቃ ቢሆን?»

«ሁለቱም እኩል ይዘገያሉ። ችግር የለም።»

«እንግዲያ ምን ትቸኩላለህ?» አሉ። «ዝናቡ እስኪቆም ጠብቅ።»

ስልጠናው ስድስት ሳምንት ነበር። ጣሳውን ሲያቀብሉኝ ውሃው እስከ ጣቶቼ ጫፍ ቀዘቀዘኝ።

እሁድ ጠዋት ሙሽሪት ከዙፋኗ ወረደች። ፎጣዋን ገፍፌ ሌሊቱን ከደጅ፣ ከጥላ ስር አሳድሬያት ነበር፤ ፒክአፑ ላይም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ምንጣፍ አልብሼ አጋደምኳት። የፊት ወንበሩ ባዶ መሆኑ ሲታወቅ ሦስቱ ቆፋሪዎች ዕጣ ተጣጣሉበት። የወጣለት ሰውዬ ማቀዝቀዣው ፊቱ ላይ ሲነፍስበት ዓይኑን ጨፍኖ «ሚዜ፣ እኔንም አግቢኝ» አለ።

አወረድኳትና ላፕቶፑ ላይ የውስጧን ቴርሞሜትር ማየት ጀመርኩ። ቁጥሩ ይወጣል። አሥር ደቂቃ ሞላ፤ ይወጣል። ሃያ ሞላ፤ ቀስ አለ እንጂ ይወጣል። ቆፋሪዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ሹፌሩ እየመጣ «አልሞተችም?» ይለኛል። እኔ ትዕግስት ከማይታወቅበት ዘር ነኝ፤ እግሬ መሬቱን ይደበድባል፣ ጥርሴን ነክሻለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የአንድ ወር ሥራ ነው ያፈሰስኩት፣ መልቀሙ ገና ነው። በመጨረሻ ቁጥሩ ቆመ። እንደ መጫወት አንዲት ጊዜ ብልጭ አለና ቆመ። ለካሁ። አውጥቼ እንደገና አወረድኳት፣ እንደገና ጠበቅሁ፣ እንደገና ለካሁ። እኩለ ቀን ላይ ሦስተኛ። ሦስቱም አንድ ናቸው። አንድ ሰሜን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደስታዬ የቆየው ካምፕ እስክንደርስ ነው። ምክንያቱም አሁን ለኃላፊያችን መናገር አለብኝ፤ የረቡዕ ፊርማዬ ስህተት ነው፣ ያለፉት ጉድጓዶችም በዚያው መንገድ የተለኩ ናቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ልግባ ብዬ ነበር፤ ጨው እንኳ አላገኘሁም። እንዲሁ ገባሁና ተናገርኩ። ኃላፊያችን አልጮኹም። የድሮውን መስመር በላጲስ አጠፉ፣ ማስመሪያቸውን አነሱ፣ አዲሱን መስመር ሳቡ። እርሳሱ ከማንጎው እየራቀ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ወደ ካምፑ አጥር ገባና አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ላይ ቆመ።

አራት ማዕዘኗን አወቅኳት። የእኔ ኮንቴይነር ናት።

ኃላፊያችን ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

ወዲያው አልመለስኩም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ማቀዝቀዣው በግድግዳው በኩል ሲያጉተመትም ይሰማኛል፤ የብርድ ልብሴ ጠርዝ ትዝ አለኝ። «ነገ እንደገና ልለካ» ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ ዶዘሩ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው። የአሶሳን መጋቢት በቆርቆሮ ቤት ያላሳለፈ ሰው አይፍረድብኝ።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። «ላቧ ደርቋል።»

አልገባቸውም። ግን ጻፉት። ከዚያ እርሳሳቸውን እያሾሉ፣ «አንቺ፣ እንዲህ ከሆነ ለጋይሮዋ ማቀዝቀዣ አያስፈልጋትም ማለት ነው?» አሉኝ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። በገዛ ምላሴ ታስሬ ነው የወጣሁት። ኮንቴይነሩ ይነሳል፣ ማቀዝቀዣው ለመመገቢያ አዳራሹ ይሰጣል፣ የቀደሙትን ጉድጓዶች እኔው እየጠበቅሁ ደግሜ እለካለሁ፣ ዛፉ ላይ የቀባሁትንም ቀለም እኔው አጥባለሁ። አዳራሹ ውስጥ ወሬው ሲደርስ የተነሳው እልልታ እስከ እኔ ክፍል ተሰማ።

ሰኞ ማለዳ ባልዲና የሽቦ ብሩሽ ይዤ ወደ ማንጎው ስሄድ ዶዘሩ ከፊት ለፊቴ፣ ከማንጎው ማዶ እያጓራ መጣ። መንገዱ በዛፉ ጎን ያልፋል። ከሩቅ ሽማግሌውን አየኋቸው። ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ቆመዋል። ዶዘሩ ሲቀርብ አልዞሩም። ሲያልፋቸውም አልዞሩም፤ ድምፁ ወደ ካምፑ እየራቀ ሲሄድ ነው ቀስ ብለው ፊታቸውን የመለሱት። ዛፉን ተመለከቱ። ከዚያ እኔን።

ሁለቱ ዚሮች ከጥላው ወጥተው፣ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ አፋቸው ተደፍቶ ነበር። ባዶ ናቸው።

ሦስት ቀን ሙሉ ሲሞሏቸው እያየሁ ያላመኑኝ መስሎኝ ነበር። አምነውኛል። ፊርማዬን አምነው፣ የሚስታቸውን ጋኖች በገዛ እጃቸው አውጥተዋል። ማታውኑ ሮጬ «ዛፉ ተርፏል» ልላቸው ይገባ ነበር፤ ሩቅ አልነበረም። አልሄድኩም። ማታ እኔ ለማቀዝቀዣዬ እያለቀስኩ ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«አባባ፣ ተሳስቼ ነበር» አልኳቸው። «ማሽኗ አይደለችም። የያዘው ሰው ነው።»

አንዱን ዚር ለማንሳት ጎንበስ አሉ። ባልዲውን አስቀምጬ በሌላው በኩል ያዝኩ። ሁለቱንም ወደ ቦታቸው መለስናቸው። ከዚያ ብሩሼን አንስቼ ቀለሙን መፈተግ ጀመርኩ። የዘይት ቀለም ነው፤ ቅርፊቱ ይለቃል እንጂ እሱ አይለቅም።

«ተው» አሉ። «ዛፉን አታሳምም። ቀለም ይኑር።»

ተውኩት። ባልዲውን ይዤ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ሄድኩ፤ ስመለስ ዚሩ ውስጥ ገለበጥኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። ሁለቱም ዚሮች እስከ አፋቸው ሲሞሉ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር። ጣሳውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

ግንባሬን አዩ። የጋኑን ሆድ በመዳፋቸው ነኩ፤ ፀሐይ ላይ ስለቆየ ገና ትኩስ ነበር።

«ያንተም ገና ነው፣ የሱም ገና ነው» አሉ።

ከቀዩ ምልክት ስር ምንጣፉን አነጠፉ። ተቀመጥኩ። እሳቸውም ጣሳውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ።